«ሞር ኮልደር» ለምን ስህተት ሆነ?

እህቴ፣ «ደብረ ማርቆስ ኢዝ ሞር ኮልደር ዛን ባሕር ዳር» ብለሽ የጻፍሽው ለምን እንደተሰረዘብሽ ጠይቀሻል። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ለዓመታት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ፤ ይህ ስህተት ያልገባበት ክፍል አላጋጠመኝም። ሐሳቡማ ትክክል ነው፤ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው ማርቆስ 1,800 ሜትር ላይ ካለው ባሕር ዳር ይበርዳል።

ችግሩ የሚመጣው ከአማርኛችን ነው። «ማርቆስ ከባሕር ዳር ይልቅ ይበልጥ ይበርዳል» ብንል ማንም አይነቅፈንም፤ ማወዳደሪያው ሲደራረብ ዓረፍተ ነገሩ ይጠነክራል እንጂ አይበላሽም። እንግሊዝኛ ግን አንዱን ብቻ ነው የሚቀበለው፦ ወይ ከቃሉ መጨረሻ «ኧር»፣ ወይ ከቃሉ በፊት «ሞር»። «ኮልደር» ካልሽ ጨርሰሻል። ልዩነቱ ሰፊ መሆኑን መግለጽ ከፈለግሽ «ማች ኮልደር» በዪ፤ «ማች» አጠናካሪ እንጂ ማወዳደሪያ ስላልሆነ አይጋጭም።

የትኛውን ልምረጥ ለሚለው፣ የሰዋስው መጽሐፉ ክፍለ ቃል፣ ማለትም በአንድ አናባቢ የሚነገረውን የቃል ቁራጭ፣ ቁጠሪ ይልሻል። እውነት ነው፤ ግን በፊደላችን እንዳትቆጥሪ። «ስትሮንግ» በእኛ አጻጻፍ አምስት ፊደል ነው፤ አፋችንም «ሲትሮንግ» እያለ ያስረዝመዋል። ተማሪዎቼ «ሞር ስትሮንግ» ብለው የሚጽፉት ለዚህ ነው። በእንግሊዝኛ የሚሰማው አናባቢ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ «ስትሮንገር» ይሆናል። «ኤክስፔንሲቭ» ሦስት ክፍለ ቃል ስላለው «ማኛ ጤፍ ኢዝ ሞር ኤክስፔንሲቭ ዛን ሰርገኛ ጤፍ» ትያለሽ። እንደ «ሄቪ» ባለ ሁለት ክፍለ ቃል ሆነው በ«ዋይ» የሚያልቁት፣ «ዋይ»ን ወደ «አይ» ለውጠው «ኧር» ይወስዳሉ። «ጉድ» «ቤተር»፣ «ባድ» «ወርስ» መሆናቸውን ከመሸምደድ በቀር ሌላ መንገድ የለም።

ተውሳከ ግሥ ላይ ደግሞ ረጋ በዪ። ከቅጽል ላይ «ኤልዋይ» ተጨምሮ የተሠራው «ሞር» ይፈልጋል፦ «ሞር ስሎውሊ»፣ «ሞር ኬርፉሊ»። «ፋስት»፣ «ሃርድ»፣ «ኧርሊ» እና «ሌት» ግን መልካቸውን ሳይለውጡ ቅጽልም ተውሳከ ግሥም ስለሚሆኑ «ኧር» ይበቃቸዋል። በተለይ «ሃርድ»ን ተጠንቀቂው። «ጠንክራ ትሠራለች» ለማለት «ሃርድሊ» ብለሽ ከጻፍሽ፣ እምብዛም አትሠራም ማለትሽ ነው። ከእህቷ ይበልጥ ጠንክራ የምትሠራ ከሆነ «ሺ ዎርክስ ሃርደር ዛን ኸር ሲስተር» ብለሽ ጻፊ።