ጥያቄና መልስ፦ በክብ አዳራሽ ውስጥ የተሰቀሉት ግዙፍ የፓኖራማ ሥዕሎች

ዛሬ ማምሻውን ስለ ፓኖራማ ሥዕሎች የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን አደራ እላለሁ፦ የስልክ ፎቶ አይታችሁ አትፍረዱ። ፓኖራማ ማለት ተመልካቹን ዙሪያውን የሚከብ ግዙፍ ሥዕል ነው፤ ሸራውና ሕንፃው አንድ ላይ ሆነው የሚሠሩት ነገር ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከባሕር ዳር፦ ጋሼ፣ ማን ጀመረው?

መልስ፦ አየርላንድ ተወልዶ ኤዲንብራ ይሠራ የነበረው ሠዓሊ ሮበርት ባርከር። በ1787 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ በ1793 ደግሞ ለንደን ሌስተር አደባባይ ላይ ለዚሁ ተብሎ የታነጸ ክብ ቤት ከፈተ።

ከአዳማ፦ ሰው ሥዕል ለማየት ብቻ ገንዘብ ከፍሎ ይሰለፍ ነበር? ምኑ ነው የሚስበው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ትኬት የቆረጠው ሰው በቀጥታ ሥዕሉ ፊት አይቆምም። መጀመሪያ በጨለማ መተላለፊያ ይሄዳል፤ ዓይኑ የመንገዱን ብርሃን ይረሳል። ከዚያ ደረጃ ወጥቶ አዳራሹ መሃል ባለ መድረክ ላይ ብቅ ሲል ዙሪያውን በሙሉ ሌላ አገር ከቦት ያገኘዋል። ከራሱ በላይ የተዘረጋው ጥላ የሸራውን የላይኛ ጠርዝና ብርሃን የሚገባበትን የጣሪያ መስታወት ይደብቅበታል። ኋላ በተሠሩት ደግሞ ከመድረኩ ሥር እስከ ሸራው ድረስ እውነተኛ አሸዋ፣ አጥርና የተሰበረ ጋሪ ስለሚደረደር የታችኛው ጠርዝም አይታይም። ዓይን ርቀት የሚለካበትን ክፈፍ ሲያጣ ይሸነፋል።

ብዙዎች የማያውቁት ደግሞ የአሰቃቀሉን ጉዳይ ነው። ሸራው ከላይ በክብ ታስሮ ከታች ክብደት ሲንጠለጠልበት ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ መሃሉ ወደ ተመልካቹ ገባ ብሎ ወገብ ያወጣል። ሰማዩ ከላይ፣ መሬቱ ከታች ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ጥልቀቱ የሚመጣው ከቀለሙ ብቻ ሳይሆን ከዚህ ቅርጽ ጭምር ነው። እንደ መጋረጃ ልል ሆኖ ከተሰቀለ ሥራው ተበላሸ ማለት ነው።

ምሳሌ ካስፈለገ በኔዘርላንድ ሄግ ከተማ ያለው የሠዓሊው ሜስዳህ ፓኖራማ አለ። በ1881 የተሠራ ነው፤ ቁመቱ 14 ሜትር ገደማ ሲሆን የሼቬኒንገንን ባሕር ዳርቻ ያሳያል። ሜስዳህ በመስታወት በርሜል ውስጥ ቆሞ ዙሪያውን በመስታወቱ ላይ ነደፈ፤ ሸራውን ሚስቱ ሲናና ሌሎች ሠዓሊዎች አብረውት ሣሉ። ያሠራው የቤልጅየም ኩባንያ በ1886 ሲከስር ሥዕሉን ራሱ ሜስዳህ ገዛው። እስከ ዛሬ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሐዋሳ፦ ይቅርታ፣ ፓኖራማ ማለት ግን ምንድን ነው?

መልስ፦ ከላይ ያለውን ያንብቡ።

ከአዲስ አበባ፦ የእኛ የዓድዋ ሥዕሎችስ ፓኖራማ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ፣ ሁለቱ ሠራዊት በግራና በቀኝ ሆነው በአንድ እይታ የሚያልቁ ናቸው። ራሱን የቻለ ትልቅ ርእስ ነውና እዚህ አንቀላቅለው።

ከአትላንታ፦ እዚህ ያለውን የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ፓኖራማ አይቼዋለሁ። በዚያ ውጊያ ያሸነፈው ሰሜኑ ሆኖ ሳለ ደቡቡ ያሸነፈ አስመስለውት ነበር ይባላል። ታዲያ ይህ ጥበብ ነው ፕሮፓጋንዳ?

ከዋሺንግተን፦ የከፈለውን ሰው የማያገለግል ሥዕል የት አለ? ይልቅ የጌቲስበርጉን ፓኖራማ ሂድና እይ፤ ይበልጣል።

ከአትላንታ፦ የእኛን ሳታይ እንዴት ታበላልጣለህ?

ከዋሺንግተን፦ ፎቶውን አይቻለሁ።

መልስ፦ ፎቶ! አሁን ስለ ምን ስናገር ቆየሁ? ክርክሩን እዚህ ላይ አቁሙት። የአትላንታው በ1886 በሚልዋኪ ከተማ ጀርመናውያን ሠዓሊዎች የሠሩት ነው፤ የሣሉትም የሰሜኑን ድል ነው። ወደ ደቡብ ሲመጣ ግን ሥዕሉን የሚያሳዩት ሰዎች የተማረኩትን የደቡብ ወታደሮች ልብስ ቀለም ለውጠው የሚሸሹ የሰሜን ወታደሮች አደረጓቸው፤ በኋላ ታርሟል። እኔን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ሌላው ጥፋት ነው፦ የቀድሞው ሕንፃ ስለጠበበ ሸራውን ቆርጠው አስገቡት፣ ወገቡም ጠፋ። በ2019 በአዲሱ ቤቱ ለሕዝብ የተከፈተው ቅርጹ ተመልሶለት ነው። ሊወራ የሚገባው ይህ ነው።

ከደሴ፦ ለምን ጠፉ?

መልስ፦ ሲኒማ መጣ። ሸራዎቹ ተቆራርጠው ተጣሉ፣ አዳራሾቹ ለሌላ ሥራ ዋሉ። በስዊዘርላንድ ሉሰርን ከተማ ያለው የፓኖራማ ሕንፃ እንኳ ጋራዥ ሆኖ ነበር፤ ሸራውም ከቁመቱ ተቀንሶበታል። ሠዓሊው ኤድዋር ካስትር በ1871 ወደ ስዊዘርላንድ የገባውን፣ 87,000 ያህል የሆነውን የተሸነፈ የፈረንሳይ ጦር በቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኝነት ተከትሎ በዓይኑ አይቷል። በ1881 የሣለው በረዶ ላይ መሣሪያውን የሚያስረክበውን ያንን ሠራዊት ነው። የጦር ፓኖራማዎች ድል በሚያሳዩበት ዘመን ሽንፈትንና እርዳታን መሣሉ ለእኔ ከሁሉም ያስበልጠዋል።

ከመቀሌ፦ ስለ ፓኖራማ ሁሉንም ይንገሩን።

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይመለስም። አንድ ነገር ለይተው ይጠይቁ።

ከስቶክሆልም፦ በአውሮፓ የት ሄጄ ልይ?

መልስ፦ ሄግ፣ ሉሰርን፣ ወይም የፖላንዱ ቭሮትስዋፍ። የመጨረሻው በ1894 በልቪቭ ታይቶ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለዓመታት ተጠቅልሎ ቆይቶ በ1985 እንደገና የተከፈተ ነው። መድረኩ ላይ ሲወጡ ስልክዎን ኪስዎ ይክተቱና ቢያንስ ሩብ ሰዓት ይቁሙ። መጀመሪያ የሸራውን ጠርዝ ይፈልጉ፤ ካላገኙት በትክክል ተሰቅሏል።