የወታደር ኑሮን በቀልድ መጻፍ ለምትፈልጉ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

የወታደር ኑሮን በቀልድ ለመጻፍ ለተነሳችሁ ሁሉ የቼኩን ደራሲ የያሮስላቭ ሃሼክን «ደጉ ወታደር ሽቬይክ» የተባለ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ልቦለድ እመክራለሁ። አንድ ጊዜ ለመሳቅ አንብቡት። ሁለተኛ ጊዜ ግን እርሳስ ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ይህን ቀልድ የሚኮርጁ ጀማሪዎች ዋናውን ሰው ወይ ቂል ያደርጉታል፣ ወይ አለቆቹን በነገር የሚወጋ ብልጣ ብልጥ፤ ድርሰቱም እዚያው ላይ ይሞታል።

ሽቬይክ ትእዛዝ አይቃወምም፤ እንዲያውም ከማንም በላይ ይታዘዛል። ሳቁ የሚመጣው ትእዛዙን ቃል በቃል ሲፈጽመው ነው። የምስጢር መልእክቱን ክፍል ተመልከቱ። ሻምበል ሳግነር አዲሱን የምስጢር መፍቻ ለመኮንኖቹ ያስረዳል፤ መፍቻው በሁለት ቅጽ የታተመ የጀርመንኛ ልቦለድ ነው፤ መልእክቱ የሚፈታው ከገጹ ላይ ቃላት እየተፈለጉ ነው። የሚያስፈልገው ሁለተኛው ቅጽ ሲሆን በመኮንኖቹ እጅ የተገኘው አንደኛው ነው። መጽሐፉን ያደላቸው ሽቬይክ ነው። ልቦለድ ከአንደኛው ቅጽ ተጀምሮ እንደሚነበብ ያውቃልና የመጀመሪያውን ሰጣቸው። ምክንያቱ እንከን የለውም። ጥፋቱ መጽሐፉ ለምን እንደሚታደል ሳይነግሩት በላኩት ዘንድ ነው። ስለዚህ አንድ ትዕይንት ከመጻፋችሁ በፊት ትእዛዙን በወረቀት ላይ ቃል በቃል አስፍሩት፤ ማን ሰጠው፣ በማን በኩል አለፈ፣ ምን ተደበቀ? ከዚያ የተባለውን ብቻ የሚፈጽም ሰው ምን እንደሚያደርግ አስቡ።

ሃሼክ ይህን ከየት አመጣው? በ1883 እ.ኤ.አ. በፕራግ ተወለደ፤ አባቱ አስተማሪ ነበሩ። ከንግድ ትምህርት ቤት ወጥቶ ባንክ ቤት ተቀጠረ፣ አልቆየበትም። የእንስሳት መጽሔት ሲያዘጋጅ የሌሉ እንስሳትን እየፈጠረ ጻፈ፤ ውሻም ነገደ። ሽቬይክ ለዲቃላ ውሾች የሐሰት የዘር ሐረግ እየጻፈ የሚሸጥ ሰው መሆኑ ከዚህ ጋር ይያያዛል። በ1915 በኦስትሮ-ሀንጋሪ ጦር 91ኛው እግረኛ ሬጅመንት ገባ፤ በዚያው ዓመት መስከረም በሩሲያ ጦር ተማረከ። ግንባር ላይ የቆየው ጥቂት ወራት ብቻ ነው። የሽቬይክ አለቃ የመቶ አለቃ ሉካሽና ሻምበል ሳግነር ስማቸውን ያገኙት ከዚያው ሬጅመንት መኮንኖች ነው። የውጊያ ልምድ የለንም ብላችሁ የምትፈሩ ይህን ልብ በሉ፦ መጽሐፉ ውስጥ ውጊያ ከሞላ ጎደል የለም። ያለው ባቡር፣ ስንቅ፣ ወረቀት፣ ሆስፒታልና እስር ቤት ነው።

ከሁሉ አብልጣችሁ እንድታጠኑ የምፈልገው የሆስፒታሉን ምዕራፍ ነው። ከዘመቻ ለመቅረት ታመምን የሚሉ ወታደሮች የሚደርስባቸው «ሕክምና» በደረጃ ተዘርዝሯል፤ ጠዋትና ማታ ሻይ ብቻ፣ ከዚያ ኪኒን የተባለው የወባ መድኃኒት፣ ከዚያ በቀን ሁለት ጊዜ በአንድ ሊትር ሞቅ ያለ ውሃ ጨጓራ ማጠብ፣ ከዚያ በሳሙናና በግሊሰሪን ሆድ ማጠብ፣ በመጨረሻ በቀዝቃዛ ውሃ በተነከረ አንሶላ መጠቅለል። ተራኪው አይጮኽም፣ አያለቅስም፤ የመድኃኒት ማዘዣ እንደሚያነብ ሰው በእርጋታ ይቆጥራል። ጭካኔውን የሚያሳየው ያ እርጋታ ነው። ጀማሪ ጸሐፊ እዚህ «እንዴት ያለ ግፍ ነው!» ብሎ ይገባል፤ አንባቢው ሊሰማው የነበረውን ቀድሞ ስለተሰማለት ገጹ ይበርዳል።

ሽቬይክ ወሬ የሚያመጣበትን ሰዓትም ተከታተሉ። አለቃው ሲቸኩል ወይም ሲቆጣ «እንዲህ ያለ ሰው አውቅ ነበር» ብሎ ይጀምራል፤ የሰውየውን ስም፣ መንገዱንና ሥራውን ይጠራል። ወሬው ከጉዳዩ ጋር የሚገናኝበት ክር ቀጭን ነው፣ ግን አለ። ክሩን ከበጠሳችሁት ለፍላፊ ብቻ ይቀራል።

አነጋገርንም አትርሱ። በዚያ ጦር የትእዛዝ ቋንቋ ጀርመንኛ ነበር፤ ወታደሩ ግን ቼክ፣ ሀንጋሪ፣ ፖላንዳዊና ሌላም ነው። ሃሼክ ሽቬይክን በተራው ሕዝብ የአፍ ቼክኛ ያናግረዋል፣ ተራኪው ግን በጽሑፍ ቋንቋ ይተርካል። ሁሉንም በአንድ ድምፅ ካናገራችሁ የማዕረግ ልዩነቱ ይጠፋል፤ የወታደር ቀልድ ደግሞ ያለ ማዕረግ አይቆምም።

መጽሐፉ አላለቀም። ሃሼክ ስድስት ክፍል አስቦ አራተኛውን በሊፕኒትሴ መንደር ታሞ በቃል እያጻፈ ሳለ ጥር 3 ቀን 1923 እ.ኤ.አ. በ39 ዓመቱ ሞተ። ካሬል ቫንየክ የሚባል ጸሐፊ ቀጠለው። ሁለቱን የምታገኙ ከሆነ አንድ አንድ ምዕራፍ ጎን ለጎን አንብቡና ትእዛዙ፣ ቁጥሩና የሰው ስሙ በየትኛው እንደበዛ ቆጥራችሁ ጻፉ።