እልፍ ስንት ነው? ሠራዊትስ አንድ ነው ወይስ ብዙ?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ ነው። በእህቴ ሰርግ ማግስት ዳሱ ሥር ተቀምጠን ሳለ አንድ ዘመዳችን «ትናንት እልፍ ሰው መጣልን» አለ። ሼህ የሆኑት አጎቴ «እልፍማ ሺህ ነው፤ ሺህ ሰው ያህል ሳይመጣ አልቀረም» ሲሉ፣ በእናቴ በኩል የሚዛመዱን መሪጌታ ደግሞ «የለም፣ እልፍ አሥር ሺህ ነው፤ አሥር ሺህ ሰውስ ይህ ዳስ አይችለውም» ብለው ተከራከሩ። ማን ነው ትክክል? ሌላም አለኝ። በሬድዮ «እልፍ ሠራዊቶች ተሰለፉ» ሲባል ሰምቼ ጆሮዬን ቆረቆረኝ። አባባሉ ያስኬዳል?

መልስ፦ ሁለቱም ሽማግሌዎች ትክክል ናቸው፤ ያለያያቸው እያንዳንዳቸው ቃሉን የተማሩበት ቋንቋ ነው። አጎትዎ የሚያውቁት የዐረብኛውን «አልፍ» ነው፤ እርሱ ያለ ጥርጥር ሺህ ነው። ለይለቱል ቀድር የምትባለው የረመዳን ሌሊት ከሺህ ወር እንደምትበልጥ የሚናገረው የቁርኣን አንቀጽ የሚጠቀመው ይህንኑ ቃል ሲሆን፣ ሺህ ወር ሲመነዘር 83 ዓመት ከ4 ወር፣ ማለትም የአንድ ረጅም ዕድሜ ልክ ይሆናል። በዚያ ቦታ የግእዙን እልፍ ብናስገባ ግን 833 ዓመት ስለሚሆን ትርጉሙ ከነጭራሹ ይፋለሳል። መሪጌታው የያዙት ደግሞ የግእዙን «እልፍ» ነው፤ እርሱ አሥር ሺህ ነው፣ ወደ አማርኛ የገባውም በዚሁ ልክ ነው።

ቃሎቹ ግን የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። ዕብራይስጥም «ኤሌፍ» ሲል ሺህ ማለቱ ነው፤ ከእነዚህ ዘመዶቹ ተለይቶ ወደ አሥር ሺህ ከፍ ያለው ግእዝ ነው። በጥንቱ ግእዝ ሺህን ለመቁጠር የሚባለው «ዐሠርቱ ምእት»፣ ማለትም አሥር መቶ ነው፤ በአኃዝም ፲፻ ተብሎ በሁለት ምልክት ይጻፋል። አሥር ሺህ ግን የራሱ አኃዝ አለው፤ ፼ን ቀረብ ብሎ ላየው ሁለት ፻ ጎን ለጎን ተጣብቀው የቆሙበት ነው፣ መቶ ጊዜ መቶ። የግእዝ ቆጣሪ ከመቶ ቀጥሎ የሚያርፍበት ዋና ደረጃ እልፍ ነበር ማለት ነው።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በመጽሐፈ ሳሙኤል ታሪክ ላይ ነው። ሴቶቹ እየዘፈኑ «ሳኦል ሺህ፣ ዳዊት እልፍ ገደለ» ባሉ ጊዜ ሳኦል ተቆጣ። በዕብራይስጡ «ኤሌፍ» የሚለው ቃል ያለው በሳኦል ድርሻ ላይ ነው፤ በአማርኛው ግን እልፍ የዳዊት ድርሻ ሆኗል። አጎትዎ እንዳሉት እልፍን ሺህ ብለን ብንፈታው ሁለቱ ጀግኖች እኩል ስለሚወጡ ሳኦል የሚቀናበት ምክንያት ባልነበረ ነበር።

ይህ የመዝገብ ትርጉሙ ነው። በዕለት ተዕለት አማርኛ ግን እልፍ ቁጥርነቱን ከተወ ቆይቷል። የደሴ ነጋዴ «ሁለት እልፍ ብር» አይልም፤ «ሃያ ሺህ» ይላል። «እልፍ ሲሉ እልፍ ይገኛል» የሚለው ተረት ሁለት እልፎችን ያጋጫል፤ የመጀመሪያው «ማለፍ» ከሚለው የመጣ ፈቀቅ ማለት ሲሆን ሁለተኛው ብዛት ነው። የሰርጋችሁ ዘመድም የተናገረው ይህንኑ ሁለተኛውን ነውና ዳሱ ይችል አይችል ማስላት አያሻም። በነገራችን ላይ አእላፍን መቶ ሺህ፣ አእላፋትን ሚሊዮን፣ ትእልፊትን አሥር ሚሊዮን እያለ የሚደረድር ሰንጠረዥ በየስልኩ ይዞራል። ለማስተማሪያ አይከፋም፤ በቆዩ ጽሑፎች ውስጥ ግን እነዚህ ቃላት አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክቱት ከቁጥር በላይ የሆነን ብዛት ስለሆነ፣ «አእላፋት መላእክት» የሚል ስናገኝ ሚሊዮን ብለን መተርጎም አይገባንም።

ወደ ሠራዊት ልለፍ። ቃሉ በግእዝ ብዙ ቁጥር ነው፤ ነጠላው «ሰርዌ» በንጉሥ ዒዛና የድንጋይ ጽሑፎች ላይ ለአንድ ክፍል ጦር መጠሪያ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በግእዝ ሚዛን «ሠራዊቶች» ማለት «መምህራኖች» እንደ ማለት ነው፤ ብዙውን እንደገና ማብዛት። አማርኛ ግን ቃሉን ሲወስድ ብዛቱን እንደ አንድ አካል ቆጠረው፤ «ሠራዊቱ ተነሣ» እንላለን እንጂ «ሠራዊቱ ተነሡ» አንልም። ጦርም እንዲሁ ነው፤ በእጅ የሚሰበቀው ብረት የባለቤቶቹ ሁሉ የወል ስም ሆኖ «ጦሩ ሰፈረ» ይባላል። የዚህ ልማድ ግሩም ምስክር ከእርስዎ አገር አይርቅም። ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. መስከረም ለዐድዋ ዘመቻ ክተት ሲያውጁ የሸዋን ሰው «ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ» አሉት። ያን ሁሉ ሕዝብ «ከታችሁ ላግኛችሁ» አላሉትም፤ እንደ አንድ ሰው ቆጥረው «አንተ» አሉት። አዋጁን እስከ ዛሬ የሚያስገመግመውም ይህ ነጠላ አጠራር ይመስለኛል።

በዚህ ምክንያት «ሠራዊቶች»ን ሁልጊዜ ስሕተት አልለውም፤ የሁለት አገር ሠራዊቶች ተገናኙ ቢባል ያስኬዳል። ጆሮዎን የቆረቆረው እልፍ ሲጨመርበት ነው፣ መቆርቆሩም ትክክል ነው። አንድ ሠራዊት ማለት አንድ ወታደር ማለት አይደለምና «እልፍ ሠራዊቶች» ሲባል የሚሰማው አሥር ሺህ ልዩ ልዩ ጦር ነው፤ ያን ያህል ጦር ዓለም ሁሉ ቢደመር አይወጣውም።

የጦር ቃልና ቁጥር ሲጎራበቱ ቁጥሩ መሟሟቱም የተለመደ ነው። ሻለቃ «ሺ አለቃ» ከሚለው የተሸበሸበ ነው፤ ዛሬ ግን ማንም ሺህ ሰው ይዟል ብሎ አይቆጥርበትም። «መቶ» የሚባለው የጦር ክፍልም ከመቶ ሰው እጅግ ያነሰ ነው። የሮማው የመቶ አለቃም ቢሆን በተለምዶ ያዘዘው ሰማንያ ያህል ሰው ነበር። ጋዜጠኛው ግለሰቦቹን መቁጠር ከፈለገ «እልፍ ወታደር ተሰለፈ»፣ ጦሩን በጅምላ ማሳየት ከፈለገ «ታላቅ ሠራዊት ተሰለፈ» ቢል ይበቃው ነበር።