ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ መጠጥ ለማቆም የሚረዳ ቡድን እንዴት ላግኝ?

ጥያቄ፦ የ39 ዓመት ሰው ስሆን የምኖረው ጅማ ነው። ጫት ቅሜ ለጨብሲ ብዬ የጀመርኩት አረቄ አሁን ሳልቅምም የማልተወው ሆኗል። ጠዋት እጄ ስለሚንቀጠቀጥ የቡና ሲኒ በሁለት እጄ ካልያዝኩ ይደፋብኛል። መጠጥ ለማቆም የወሰኑ ሰዎች እየተሰበሰቡ የሚረዳዱበት ቡድን እንዳለ ሰምቻለሁ። እንዴት ላገኘው እችላለሁ? የሚያውቀኝ ሰው ያየኛል ብዬም እሰጋለሁ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስለ ስብሰባው ከመናገሬ በፊት ስለ ሲኒው መናገር አለብኝ። የእጅዎ መንቀጥቀጥ፣ አልኮልን የለመደ ሰውነት ሌሊቱን ሲቀርበት የሚያሳየው ምልክት ነው። እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ቀን ውሳኔ መጠጡን ቢያቆም ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ላብ፣ ማቅለሽለሽና ጭንቀት ሊይዘው፣ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት የሚጥል በሽታን የመሰለ መንፈራገጥ ሊነሣበት፣ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ደግሞ የሌለ ነገር እያየ ራሱን የሚስትበት፣ ለሞት የሚያደርስ ሁኔታ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ቤት ዘግተውም ሆነ ጠበል ገብተው በድንገት እንዳያቆሙ አደራ እላለሁ። ጠበሉንም ጸሎቱንም አልከለክልዎትም፤ ሕክምናው ግን አብሮ መሄድ አለበት። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። እዚያ ሄደው ምን ያህል እንደሚጠጡና የመጨረሻውን መለኪያ መቼ እንደጠጡ ሳይቀንሱ ይንገሩ። የማቆሚያውን ጊዜ የሚያቀልሉ መድኃኒቶችና ቫይታሚን ቢ1 በሐኪም ክትትል ይሰጥዎታል፤ ማስታገሻ ክኒን ግን ከፋርማሲ ገዝተው በራስዎ አይጀምሩ።

ቡድኑንም መጠየቅ ያለብዎት ከዚያው ነው። የሚያክምዎትን ባለሙያ “መጠጥ ያቆሙ ሰዎች የሚገናኙበት ቡድን አለ? በየትኛው ቀን?” ብለው ይጠይቁ። ካለ፣ ከመመዝገብዎ በፊት ሰዓቱን ይመልከቱ። ምርቃናው ሊበርድ ሲል፣ እግርዎ ወደ አረቄ ቤት በሚያቀናበት በዚያ ሰዓት የሚደረግ ስብሰባ፣ ጠዋት ከሚደረገው ይልቅ ይጠቅምዎታል ብዬ አምናለሁ። በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ፣ ልብዎን ያለ ችግር በሚናገሩበት ቋንቋ የሚካሄደውን ይምረጡ።

ባይገኝስ? እንዲህ ያሉ ስብሰባዎች ሲጀመሩ የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ እንደነበሩ ልንገርዎት። እ.ኤ.አ. በ1935 ቢል ዊልሰን የተባለ መጠጥ ካቆመ ጥቂት ወራት የሆነው የኒው ዮርክ ነጋዴ፣ ለሥራ አክረን ወደምትባል የአሜሪካ ከተማ ሄዶ ሳለ መጠጡ ክፉኛ አማረው። ያን ጊዜ የፈለገው እንደ እርሱ በመጠጥ የተጎዳና ሊያነጋግረው የሚችል ሰው ነበር፤ ያገኘውም ቦብ ስሚዝ የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። ስሚዝ የመጨረሻ መጠጡን የጠጣው በዚያው ዓመት ጁን 10 ጠዋት፣ ቀዶ ሕክምና ከመግባቱ በፊት የሚንቀጠቀጥ እጁን ለማርጋት ነበር፤ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው ማኅበር ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያ ቀን ነው። እርስዎም አብረዎት ከሚታከሙት አንድ ሰው አግኝተው፣ ባለሙያው እያገዛችሁ፣ በሳምንት አንድ ቀን ያለማቋረጥ መገናኘት ትችላላችሁ። ማኅበርና ዕድር ለምናውቅ ሰዎች ቀን ቆርጦ መገናኘት እንግዳ ነገር አይደለም፤ መሰብሰቢያው ጠላ የማይቀርብበት ቤት ይሁን እንጂ።

የሚያውቀኝ ያየኛል ያሉት ስጋት ይገባኛል፤ ጅማ ውስጥ ከመርካቶ እስከ ፈረንጅ አራዳ ሰላምታ ሳይሰጡ መሄድ አይቻልምና። ሆኖም እንደ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ባሉ ስብሰባዎች የሙሉ ስም አይጠየቅም፤ ማን እንደመጣና ምን እንደተናገረ ወደ ውጭ አይወጣም። ክፍያ የለም፤ ለመግባት የሚጠየቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። ለማንም ክፍት የሆኑ ስብሰባዎችም፣ ችግሩ ላለባቸው ብቻ የሚደረጉም ስላሉ ሁለተኛውን መርጠው መግባት ይችላሉ። አንዱ ስንት ጊዜ ጠጥቶ እንደወደቀ፣ ዛሬን እንዴት ሳይጠጣ እንዳመሸ ሲናገር ሌላው አያቋርጠውም። ተራው ሲደርስዎ “ዛሬ ልስማ” ብለው ማለፍ መብትዎ ነው። በመጀመሪያው ቀን ልብዎ ካልወደደው በዚያ አይፍረዱት፤ ቢያንስ አምስት ስድስት ጊዜ ይሂዱ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ፣ 27 ጥናቶችንና ከ10,000 በላይ ተሳታፊዎችን ያካተተ የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ፣ የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ መንገድ ጨርሶ ከመጠጥ ለመራቅ ከሌሎች የታወቁ የምክር ሕክምናዎች የማያንስ፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ሆኖ አግኝቶታል።

ስብሰባ ሲገቡ ስለ ጫቱም ይናገሩ። የእርስዎ መጠጥ የተጀመረው በጨብሲ ነውና፣ ጫቱን ደብቀው ስለ አረቄው ብቻ ቢናገሩ ቡድኑ ሊረዳዎት የሚችለው በግማሹ ብቻ ነው። አንድ ቀን ተሸንፈው ቢጠጡም በማግስቱ ወደ ስብሰባው ይሂዱ፤ ከዚያ የተቀመጡት አብዛኞቹ እንዲህ ወድቀው የተመለሱ ናቸው። ከሁሉ በፊት ግን ዛሬ የሚጠጡትን በድንገት ሳያቋርጡ፣ የሚያምኑትን አንድ የቤተሰብ ሰው ይዘው ነገ ጠዋት ወደ ሕክምና ማዕከሉ ይሂዱ፤ ሌሊት መንፈራገጥ ወይም መቃዠት ቢጀምርዎት ደግሞ ነገን ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱዎት።