አዲስ ገቢ የአሜሪካ ፉትቦል ሯጭ እንዴት ይመዘናል?

ጥያቄ፦ ዲሲ ያለው ወንድሜ፣ ተጫዋች ከዓመት ዓመት በሚያዝበት ዳይናስቲ በተባለው የአሜሪካ ፉትቦል ፋንታሲ (በእውነተኛ ተጫዋቾች የሜዳ ውጤት ነጥብ የሚሰበሰብበት ጨዋታ) ውስጥ አስገባኝ። አዲስ ገቢ ራኒንግ ባኮችን፣ ማለትም ኳስ ይዘው የሚሮጡትን፣ በምን ልመዝን? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ በድራፍቱ (ቡድኖች አዲስ ገቢዎችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) ቀድሞ የተመረጠ ሯጭ ብዙ ጊዜ ኳሱን ደጋግሞ የመያዝ ዕድል ስለሚያገኝ በመጀመሪያ የምርጫ ተራውን ይመልከቱ፤ እርግጥ በአምስተኛው ዙር የተመረጠው ካይረን ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ2023 በ12 ጨዋታ 1,144 ያርድ ሮጧል። እኔ ግን ከሩጫው ይልቅ የተወረወረለትን ኳስ መቀበሉን አጥብቄ እመረምራለሁ። ክርስቲያን ማካፍሪ እ.ኤ.አ. በ2017፣ በመጀመሪያ ዓመቱ፣ የሮጠው 435 ያርድ ብቻ ቢሆንም 80 ኳስ ተቀብሏል፤ ለእያንዳንዱ ቅበላ አንድ ነጥብ በሚሰጥ ሊግ ይህ ብቻውን 80 ነጥብ ነው። በሬ ሲገዛ ጥርስ እንደሚታይ ሁሉ ዕድሜውንም ይዩ፤ የሯጭ ጉልበት ቶሎ ይደክማልና፣ ከ24 ዓመቱ ይልቅ የ21 ዓመቱን ያስቀድሙ።