«ቀንድ አውጣ» ለባህሩም ይሆናል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር፣ እንዴት ነዎት? ስለ እንስሳት የሚያወራ የልጆች መጽሐፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው፣ ቀንድ አውጣ ጋ ስደርስ ቆምኩ። መጽሐፉ የየብሱንም የባህሩንም በአንድ ስም ነው የሚጠራቸው። አንዱ ጓደኛዬ የባህሩን «ዛጎል» በይው ይለኛል፣ ሌላዋ ደግሞ ቀንድ አውጣ ማለት መሬት ላይ የሚሳበው ብቻ ነው ትላለች። ቤት የሌለውንስ ምን ልበለው? አልቅት ነው ያሉኝም አሉ። ሲበዛስ እንዴት ነው? ደግሞ «ወጣ» ልበል «ወጣች»?

መልስ፦ እህቴ፣ በአንድ ትንፋሽ ስንቱን ጠየቅሽኝ! ግን ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ከስሙ እንጀምር።

«አውጣ» መልኩ የትእዛዝ ነው፣ «እጅህን ከኪስህ አውጣ!» እንደምንለው ማለት ነው፣ እዚህ ጋ ግን ማንንም አያዝም፣ ከፊቱ ካለው ስም ጋር ተጣብቆ ያንን ነገር የሚያደርገውን ይሰይማል። ግንደ ቆርቁርን አስቢ፣ ልብ አውልቅን አስቢ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አይን አውጣን አስቢ። ቀንድ አውጣና አይን አውጣ በሰዋስው ወንድማማች ናቸው፣ የሚገርመው ደግሞ እንስሳውን ጠጋ ብለሽ ካየሽው እውነተኛው አይን አውጣ ራሱ ሆኖ ታገኚዋለሽ። የተለመደው የየብስ ቀንድ አውጣ አራት ቀንድ አለው፣ ከላይ ሁለት ረጃጅም ከታች ሁለት አጫጭር፣ አይኑ ረጃጅሞቹ ጫፍ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ቁጭ ብሏል። በጣትሽ ነካ ስታደርጊው ቀንዱ አይታጠፍም፣ ከጫፉ ጀምሮ ወደ ውስጥ ይገለበጣል፣ ካልሲ ውስጥ እጅሽን ከተሽ ጫፉን ይዘሽ ስትስቢው እንደሚሆነው፣ አይኑም አብሮ ሰውነቱ ውስጥ ይገባል። ትንሽ ቆይቶ ሲረጋጋ ቀስ እያለ መልሶ ያወጣዋል። ይህን ስም ያወጣለት ሰው እንግዲህ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ነው።

(በነገራችን ላይ ታጋሽ ፍጥረት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1846 ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ከግብፅ የመጣ አንዱን ሞቷል ብለው ካርቶን ላይ ለጥፈው ቁጥር ሰጥተው አስቀመጡት፣ በ1850 የሆነ ዝልግልግ ነገር ካርቶኑ ላይ አይተው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ቢከቱት ወጥቶ መሄድ ጀመረ።)

ወደ ባህሩ ስንመጣ ጓደኛሽ ትንሽ እውነት አላት። የባህሮቹ አብዛኞቹ ቀንድ አላቸው ግን አንድ ጥንድ ብቻ፣ አይናቸውም በብዛት ቀንዱ ሥር አካባቢ ነው እንጂ ጫፉ ላይ አይደለም፣ ቀንዱም ይኮማተራል እንጂ አይገለበጥም። ስለዚህ በቃል በቃል ከሄድሽ ስሙ የሚስማማው ለየብሱ ነው። ግን እንዲህ ከሆነማ ሰማይ ጠቀስ ፎቅም ሰማይ ነክቶ አያውቅም፣ ስሙን የቀማው ግን የለም። ደግሞ የየብሱም ቢሆን ሁሉም አንድ አይደለም። የብስ ላይ ኖረው አይናቸው ቀንዳቸው ሥር የሆነ፣ ሲገቡ በራቸውን በክዳን ጥርቅም የሚያደርጉ አሉ፣ እነሱ በዘር ለባህሮቹ ነው የሚቀርቡት። ከባህር ወደ የብስ የወጡት አንዴ ብቻ ሳይሆን ደጋግመው በተለያየ ጊዜ ስለሆነ ነው። ድሮ ምሁራኑ በሚተነፍሱበት ነበር የሚመድቧቸው፣ እንደ ዓሣ በስንጥብ የሚተነፍሱ፣ በሳንባ የሚተነፍሱ እያሉ፣ በኋላ የውስጥ አካላቸውና ዘረመላቸው በደንብ ሲታይ ይሄ ነገር ፈረሰ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ቡሼ እና ሮክሯ የተባሉ ተመራማሪዎች ባወጡት አመዳደብ ላይ «ሳንባ ያላቸው» የሚባለው ክፍል እንደ ድሮው ማዕረጉን ይዞ አልቀጠለም። እንግዲህ ሳይንሱ ራሱ የብስና ባህር ብሎ ካልከፈላቸው አማርኛው ለምን ይከፍላል? ሁሉንም ቀንድ አውጣ በይ፣ ሲያስፈልግ የየብስ፣ የባህር፣ የወንዝና የሐይቅ እያልሽ ለይ። በዚህ ስም ስር ከ60 ሺህ በላይ ዝርያ ይገባል፣ አብዛኛው ባህር ውስጥ ነው።

እነዚህ ሁሉ የሚገቡበት የሳይንስ መደብ ስሙ ጋስትሮፖዳ ነው፣ በግሪክ ሆድና እግር ማለት ነው፣ በሆዱ የሚሄድ ስለሚመስል። አንዳንዱ «ሆደ እግር» ብሎ ይመልሰዋል፣ እኔ አልወደውም፣ የሆደ ባሻና የሆደ ሰፊ ዘመድ ይመስላል። ለልጅ ደግሞ ጭራሽ።

ዛጎል ቤቱ ነው እንጂ ባለቤቱ አይደለም፣ ስለዚህ «ዛጎሉ ተሳበ» ካልሽ ቤት ሄደ ማለትሽ ነው። የሚያምታታው ግን ድሮ እንደ ገንዘብ ያገለገለችው፣ ለጌጥ የምትሰፋው ነጭ ዛጎል ራሷ የህንድ ውቅያኖስ ቀንድ አውጣ ቤት መሆኗ ነው። ጥምዝምዟ ስለማይታይ ማንም አይጠረጥራትም፣ እንስሳዋ ስታድግ የመጨረሻው ዙር የቀደሙትን ይሸፍናቸዋል፣ ስጋዋም በውጭ በኩል አልብሷት ስለሚኖር ነው እንደዚያ የምታብረቀርቀው። በሌላ በኩል እንደ መጽሐፍ ተከፍተው የሚዘጉት ባለ ሁለት ክዳኖቹም ዛጎል አላቸው፣ እነሱ ግን ቀንድ አውጣ አይደሉም፣ ዘመድ ናቸው። ዛጎል ብቻ ካልሽ ሁሉንም ቀላቀልሽው ማለት ነው።

ቤት የሌለውን «ዛጎል አልባ ቀንድ አውጣ» በይው፣ ረዘመ ካልሽ አንዴ ከገለጽሽ በኋላ «ዛጎል አልባው» ይበቃል። አልቅት በፍጹም! አልቅት የመሬት ትል ዘመድ ናት፣ ቀንድ የላትም።

ሲበዛ ቀንድ አውጣዎች ነው። ቀንድን አታብዢው፣ «አይኖች አውጣ ሌቦች» ብለን እናውቃለን እንዴ? አይን አውጣዎች ነው የምንለው። «ቀንድ አውጪ» ደግሞ ቀንድ የሚነቅል ሰው ይመስላል።

ወጣና ወጣች ላይ ነፃ ነሽ። ትንሽ ነገርን ማቆላመጥ ስንፈልግ በሴት እንጠራለን፣ ለልጆች መጽሐፍ «ወጣች» ያምራል። እንስሳቱም አይቀየሙሽም፣ የየብሶቹ አብዛኞቹ እያንዳንዳቸው በአንድ አካል ወንድም ሴትም ናቸው። የባህሮቹ ብዙዎቹ ግን ወንዱ ለብቻ ሴቷ ለብቻ ነው፣ እዚያ ጋ ስዕሉን አይተሽ ጻፊ። ተደራርበው የሚኖሩት ነጠላ ጫማ የሚመስሉት የባህር ቀንድ አውጣዎች ከገጠሙሽ ደግሞ ከሥር ያለችው ትልቋ ሴት ናት፣ ከላይ ያሉት ትንንሾቹ ወንዶች፣ የታችኛዋ ስትሞት ከእሷ በላይ ያለው ወደ ሴትነት ይለወጣል። እዚያ ገጽ ላይ «ወጣ» ብለሽ ጀምረሽ «ወጣች» ብለሽ ብትጨርሺ አራሚው ስህተት ነው እንዳይልሽ ይህንን አሳዪው።