ትንሹ ግልገል ለምን ቀድሞ በረደው?

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከኩታበር ነው። ኅዳር ላይ በጌ መንታ ወለደች። ሌሊቱን ውርጭ ወርዶ ኖሮ ጠዋት ትንሹን ግልገል ደርቆ አገኘሁት፤ ትልቁ ቆሞ ይጠባል። ጎረቤቴ «ዓይን በላው» ይላል። ባቲ ያሉት አጎቴ ደግሞ «ትንሽ ፍጥረት ብርድ አይችልም» ነው የሚሉኝ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ አጎትህ ናቸው ልክ። ጎረቤትህን ግን አትጣላው።

እስቲ ድንች ቀቅል። አውራ ጣት የምታህለዋን ከድስቱ እንዳወጣህ ትልጣታለህ፤ ጡጫ የሚያክለውን ግን ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጥክ እፍ እፍ ስትል ትቆያለህ፣ ሁለቱም የወጡት ከአንድ ድስት ሆኖ ሳለ። ሙቀት የሚያዘው በውስጥ ነው፤ የሚያመልጠው በቆዳ። አንድ ነገር ቅርጹን ሳይለውጥ ርዝመቱ እጥፍ ቢሆን ቆዳው 4 እጥፍ ይሰፋል፣ ውስጡ ግን 8 እጥፍ። እና ትንሹ ግልገል ለሥጋው ቆዳ በዝቶበታል። የበግ ሰውነት 39 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ውርጭ ሲወርድ ውጭው ዜሮ። በዚያ ላይ ግልገል ሲወለድ እርጥብ ነው፤ እርጥበቱ ሲተን ሙቀቱን ይዞበት ይሄዳል።

ጀርመናዊው ካርል በርግማን በ1847 እ.ኤ.አ. የቀዝቃዛ አገር እንስሳት ከሞቃት አገር ዘመዶቻቸው ገዘፍ ይላሉ ብሎ ጽፏል። የኛ የደጋ በግ ትንሽ አይደል እንዴ ትለኝ ይሆናል። ነው! እሱን የሚያሞቀው ጸጉሩ ነው፤ ደግሞስ ግጦሹ ሲሳሳ ከየት አምጥቶ ይገዝፋል?

ግዝፈት በቆላም ይጠቅማል። አጎትህ ሰኞ ገበያ የሚያዩት ግመል ቶሎ እንደማይቀዘቅዝ ሁሉ ቶሎም አይሞቅም። ውሃ ሲያጣ ሌሊት ሰውነቱ ወደ 34 ዲግሪ ይወርዳል፤ ቀን 40 እስኪያልፍ ላቡን ቆጥቦ ይቆያል።

ለሚቀጥለው ግልገል፦ እንደተወለደ በጆንያ እሸው፣ ነፋስ ከማያገኘው ቦታ አስገባው፣ እንገሩን ቶሎ ይጥባ። ጣትህን አፉ ውስጥ ክተት፤ ከቀዘቀዘና መጥባት ካቃተው ወተት አትጋተው፣ ያንቀዋል። መጀመሪያ አሙቀው።